ከገና ሜዳ ዳር የተቀመጠው ጨዋታ



የገና በዓል በመጣ ቁጥር በጋዜጣውም በራዲዮውም የሚነሣው የበዓሉን ስም የያዘው የሜዳ ጨዋታ ነው። ቆልማማ ዱላ የጨበጠው ጎረምሳ፣ በአቧራው መካከል የምትበረው ሩር፣ በላይኛውና በታችኛው ሰፈር መካከል የሚነሣው ሁካታ፣ ለአንድ ቀን ጌታውም ሎሌውም እኩል የሚዘለፉበት ነጻነት በየዓመቱ ይተረካል፤ ሊተረክም ይገባዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ሜዳ ዳር፣ ከወይራው ጥላ ሥር፣ ሁለት ሰዎች እግራቸውን አጥፈው የሚጫወቱት ሌላ ጨዋታ ነበረ። ሩጫ የለውም፤ ጩኸቱም ሁለት ቃል ብቻ ነው። ይኸውም ገበጣ ነው።

በገበታና በገበጣ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ነው። በልጅነታችን እናቶቻችን «ገበታው ቀርቧል» ብለው ሲጣሩ እኛ «ገበጣው አላለቀም» እያልን እንመልስ ነበር። በዓል በደረሰ ጊዜ ሁለቱ በአንድ ቤት ሲገናኙ ማየት ዛሬም ደስ ያሰኘኛል።

ጨዋታውን የማያውቅ ወጣት አንባቢ ቢኖር እኛ ያደግንበትን ሥርዐት ላስረዳ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው 12 ጉድጓድ ይቆፈራል። ጉድጓዱን ቤት እንለዋለን። በያንዳንዱ ቤት አራት አራት ጠጠር ይገባል፤ ድምሩ 48 ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ለያንዳንዱም በፊቱ ያለው ረድፍ የራሱ ነው። ባለ ተራው ከራሱ ቤቶች አንዱን ጠርጎ ያነሣና ከሚቀጥለው ቤት ጀምሮ ወደ ቀኙ አንዳንድ ጠጠር እያደለ ይሄዳል፤ ረድፉ ሲያልቅ ዞሮ ወደ ባላጋራው ረድፍ ይገባል። የመጨረሻዋ ጠጠር ሌሎች ጠጠሮች ካሉበት ቤት ከወደቀች ሁሉንም በአንድነት አንሥቶ ማደሉን ይቀጥላል። ባዶ ቤት ከወደቀች ግን ተራው አለቀ። ሦስት ካለበት ቤት ወድቃ አራት ካደረገችው፣ ቤቱ የማንም ይሁን የማን፣ «ላም ወለደች!» ብሎ አራቱን ይወስዳል፤ ተራውም ለባላጋራው ያልፋል። በመንገድ ላይ የሚሞላ አራት አይቆጠርም፤ የመጨረሻዋ ጠጠር የሞላችው ብቻ ናት ጥጃ። ስምንት ጠጠር ሲቀር አራቱን የወሰደ የቀሩትንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የማረከውን አራት አራት እያደረገ ቤት ይሞላል፤ 28 ያገኘ ሰባት ቤት ይገዛል፣ 20 የያዘ በአምስት ቤት ይቀመጣል። እንዲህ እየተባለ አንዱ ቤት አልባ እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል።

በሽምብራ መጫወት በመንደራችን የተከለከለ ነበር። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ በጾመ ነቢያት የራበው ልጅ የማረከውን ጥጃ ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያስገባ ለሁለተኛው ዙር የሚተርፍ አይገኝም ነበር።

ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ከአንድ ወዳጄ ጋር ከብት እየጠበቅን፣ ፊደልም በአንድ ላይ እየቆጠርን አደግን። ይህ ወዳጄ ገበጣ በተቀመጥን ቁጥር እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «አንተ ጀምር» ይለኝ ነበር። ይህ ለኔ የወዳጅነት ክብር መስሎ ይታየኝ ስለነበር ደስ እያለኝ እጀምራለሁ። ከመጀመሪያዋ ቤቴ አራቱን አነሣለሁ፤ አምስት ጊዜ እያነሣሁ 26 ጠጠር ካደልሁ በኋላ ሦስተኛዋ ቤቴ ባዶ ሆና ትቀበለኛለች። እርሱ ሳይቸኩል ከራሱ ረድፍ ሁለተኛዋን ቤት ያነሣል። ስድስቱን አድሎ ከኔ ሁለተኛ ቤት ይደርሳል፤ በዚያ ያሉትን ስምንቱን አንሥቶ ከራሱ አራተኛ ቤት ይደርሳል፤ በዚያ ያሉትን ሦስቱን ያነሣል፤ ሦስተኛዋም ጠጠር ጨዋታውን ከጀመርሁባት ከመጀመሪያዋ ቤቴ ትወድቃለች። አራት። «ላም ወለደች!»

በማግሥቱ ከሁለተኛዋ ቤቴ እጀምራለሁ፤ እርሱ ሦስተኛዋን ያነሣል፤ ላሟ ከሁለተኛዋ ቤቴ ትወልዳለች። ከሦስተኛዋ ብጀምር አራተኛዋን ያነሣል፤ ከሦስተኛዋ ትወልዳለች። ሁልጊዜ የሚማረከው የጀመርሁባት ቤት ነው። ይህን ያየ ልጅ ምን ያስባል? ጠጠር ደብቆብኛል ብዬ አሰብሁ። የገና ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ከበውን ሳለ፣ «ይህ ልጅ በእጁ ውስጥ ጠጠር ይይዛል» ብዬ ከሰስሁት፤ ጉድጓዶቹንም በእግሬ ደፈንኋቸው። እጁን ገልብጦ አሳየ። ባዶ ነበረ። እኔ ግን አላፈርሁም፤ ሌላው እጁን ጠረጠርሁ። ከገና እስከ ጥምቀት፣ 12 ቀን ያህል፣ በአንድ መስክ ላይ ከብት እየጠበቅን አልተነጋገርንም።

በጥምቀት ማግሥት እርሱ ራሱ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ የሚጠይቅበትም ምክንያት አልነበረውም። አጠገቤ 12 ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠሩን ሞላና «ብቻህን ተጫወት፤ ከስድስቱም እየጀመርህ ቁጠር» ብሎኝ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ቆጠርሁ። ወደ ማታ ግድም የገባኝ ነገር እነሆ፦ በመጀመሪያ ቤቶቹ ሁሉ እኩል ስለሆኑ ከየትኛዋም ብትጀምር ጉዞው አንድ ነው። አምስት ጊዜ ታነሣለህ፣ 26 ጠጠር ታድላለህ፣ ከጀመርህባት ቤት ቀጥሎ ካሉት በሁለተኛዋ ላይ ትቆማለህ። ከኋላህ የምትተወውም መልክ ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንድ ባዶ ቤት፣ አንዳንድ ጠጠር የያዙ ሦስት ቤቶች፣ ሁለት የያዘ አንድ፣ ሰባት የያዘ አንድ፣ ስድስት ስድስት የያዙ ስድስት። ወዳጄ ይህን መልክ በቃሉ ይዞታል። ከጀመርሁባት ቤት ወደ ፊት ሰባተኛዋን ቢያነሣ ላሟ እንደምትወልድለት ያውቃል። «አንተ ጀምር» የሚለኝ ስለዚህ ነበረ። አንባቢ ባያምነኝ አይፈረድበትም፤ 48 ባቄላ ቆጥሮ ይሞክረው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ተራው ተለውጦ እርሱ ከመጀመሪያዋ ቤቱ ቢጀምርና መልስ የምሰጠው እኔ ብሆን፣ በፊቴ አምስተኛዋ ቤት በስድስት ጠጠር ሞልታ ታጓጓለች፤ አጠገቧ ያለችው አራተኛዋ ቤት አንዲት ጠጠር ብቻ ይዛለች። አምስተኛዋን ያነሣ ሰው ዐሥር ጊዜ እያነሣ፣ 57 ጠጠር እያደለ፣ ሰሌዳውን ደጋግሞ ይዞራል፤ ተመልካቹም «ይህ ዛሬ አገር ገዛ» ይለዋል። መጨረሻው ከራሱ ሁለተኛ ቤት ላይ ነው፤ ቤቱም ባዶ፣ እጁም ባዶ። አራተኛዋን፣ ያችን አንዲት ጠጠር ያነሣ ግን በሦስተኛው ማንሣት ጥጃውን ይወስዳል። ይህን ያገኘሁት በዚያው ቀን ሲመሽ ነው። ከብቶቹ ወደ ሰው እርሻ ገብተው ስለነበር ያገኘሁትን ያህል ተገርፌበታለሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለትምህርት አዲስ አበባ በገባሁበት ዘመን፣ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ጽሑፍ አነበብሁ። እኚህ ሰው የተቋሙ መሥራች ዲሬክተር ሲሆኑ፣ በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስለሚገኙ ዘመዶቹ የጻፉት ጥናት፣ ጨዋታው ከአውራጃ አውራጃ እንዴት እንደሚለያይ በዝርዝር ያሳያል። አንዱ ሁለት ረድፍ ይቆፍራል፣ ሌላው ሦስት፤ አንዱ በአራት ይጀምራል፣ ሌላው በሦስት። እኛ ሕግ ነው ብለን የተጣላንበት ሥርዐት ከወንዝ ማዶ ሕግ አለመሆኑን ሳነብ ለብቻዬ ሳቅሁ።

የጨዋታው ዕድሜም የዋዛ አይደለም። በየሓና ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በምትገኘው በመጠራ፣ በዐለት ላይ የተፈለፈሉ የጉድጓድ ረድፎችና የሸክላ ሰሌዳ ስባሪ ተገኝተዋል፤ አጥኚዎች የስድስተኛውና የሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገበጣ መጫወቻ እንደሆኑ ገምተዋቸዋል። ቤተሰቡም ሰፊ ነው። ዐረቦች መንቀላ ይሉታል፤ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ እስያ ይታወቃል፤ በባርነት ከተጋዙት አፍሪካውያን ጋርም ባሕር ተሻግሮ ካሪብ ደሴቶች ደርሷል።

የመኳንንቱ ጨዋታ ሠንጠረዥ ነበረ። የዛሬ ልጅ ሠንጠረዥ ሲባል የሚያውቀው በቢሮ ወረቀት ላይ የሚሰመረውን ረድፍና ዓምድ ነው፤ ጥንት ግን ስሙ የኢትዮጵያውያን ቼዝ ነበረ። ገና ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ምዕራፍ አለው፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ምን ያህል ይወዱ እንደነበር ጽፏል። በዙሪያው የተቀመጡ ሁሉ ምክር እየሰጡ በጨዋታው ይገቡ ነበር፤ ይህ ጠባያችን ዛሬም በየመንደሩ በቆርኪ ዳማ በሚጫወቱት ወጣቶች ዙሪያ እንዳለ ነው። በሠንጠረዥ ንጉሡን በፈረስ መያዝ እንደ ታላቅ ጥበብ አይቆጠርም ነበር ይባላል፤ ያስመሰግን የነበረው በታናናሾቹ ወታደሮች መያዝ ነው። ያችን አንዲት ጠጠር የያዘች አራተኛ ቤት ያስታውሰኛል።

ሠንጠረዥ ከአዳራሹ ጋር አለፈ። ገበጣ ግን መሬትና ጠጠር እንጂ ሌላ ዕቃ ስለማይሻ እስከ ዛሬ ቆይቷል። በከተማ ቤት መሬቱ ሲሚንቶ ስለሆነ መቆፈሪያ የለም የሚል ቢኖር መልሱን ከአንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ተምሬአለሁ።

ያ ወዳጄ ዛሬ ጉለሌ ነው የሚኖረው። የሒሳብ መምህር ነበረ፤ ይህም ማንንም የሚያስደንቅ አይመስለኝም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሐኪሞች ግላኮማ ያሉት የዓይን ሕመም ብርሃኑን ወሰደበት። በመጀመሪያው ዓመት ልጠይቀው ስሄድ የምናወራው ጠፍቶን እንቀመጥ ነበር። እኔ የማየውን ነገር ሁሉ መጥራት አፍራለሁ፤ እርሱም ማፈሬን ያውቃል። ያለፈው ዓመት ገና ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጾም ተፈትቶ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ልጁ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ለዶሮው ወጥ የተገዛው እንቁላል የመጣበት ካርቶን ነው። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው በአምስት ረድፍ ስድስት ስድስት ስለሆነ፣ ሁለቱን ረድፍ በመቀስ ቆርጣ ወስዳለች። ባቄላም ቆጥራ ሞልታበታለች።

«አባባ፣ እንጫወት» አለችው።

በልጅነታችን «የነካ ያነሣል» የሚል ጽኑ ሕግ ነበረን። ዓይን እንጂ እጅ አይቆጥርም። አሁን ይህ ሕግ መሻር ነበረበት፤ «አንተ ንካ፤ እኔ አልነካም» አልሁት። ወዳጄ ግን «ላንተም ለኔም ይሻራል፤ አለዚያ አልጫወትም» አለ። ተስማማን። ጣቶቹን በካርቶኑ ላይ አንድ ጊዜ አሳለፈና ጀመርን።

የሆነውን ሳልሸሽግ ልናገር። ከጥቂት ተራ በኋላ ከሦስተኛዋ ቤቴ ባነሣ ጥጃ እንደማገኝ አየሁ። አዘንሁለትና ሌላዋን አነሣሁ። እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«ከሦስተኛዋ ብታነሣ ትወልድልህ ነበር። አላየኸውም?»

«አላየሁትም» አልሁ። በበዓል ቀን፣ በወዳጄ ቤት፣ በልጁ ፊት የተናገርሁት ውሸት ነው።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለኝ። ድምፁን አላነሣም። ባቄላውን በሁለት እጁ ጠርጎ ወደ መሐል ሰበሰበው። ልጅቱ እኔን ታየኛለች። ስንት ዓመት ሆነው ጉድጓዱን በእግሬ ከደፈንሁ? ያን ጊዜ ሳያጭበረብር አጭበርባሪ አልሁት፤ አሁን ደግሞ ያጭበረበርሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ለመሸነፍ።

«እንደገና ሙይልን» አላት ልጁን። ሞላች። እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። «አንተ ጀምር።»

ስድስተኛዋን ቤቴን አነሣሁ። ከዚህች የጀመረ ሰው ሰባተኛዋ ቤት ዞራ ከራሱ ረድፍ ላይ ስለምትውል፣ የጥንቱ ዘዴ በባላጋራው እጅ አይሠራም። አምስቱን ጊዜ አንሥቼ ስጨርስ ጣቶቹ ከቤት ወደ ቤት ሄዱ፤ ቆሙ፤ ፈገግ አለ።

«መቼ አገኘሃት?»

«ዛሬ ገና» አልሁት።

ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆጠረ። ቡናው ሁለተኛው ደረሰ። ባለቤቱ ሲኒውን በእጁ ልትሰጠው ብትመጣ «ቆይ» አላት። ልጅቱ ትንፋሿን ይዛለች። በመጨረሻ አራተኛዋን ቤቱን፣ አንዲት ባቄላ ብቻ ያለችባትን፣ አነሣ። ስምንት ጊዜ አነሣ፤ 40 ባቄላ በጣቱ እየዳሰሰ አደለ፤ አርባኛዋ ከሁለተኛዋ ቤቴ ወደቀች። እርሱ ምንም ሳይናገር ልጅቱ «ላም ወለደች!» ብላ ጮኸች፤ ባለቤቱም ከማድቤቱ «እሰይ!» አለች፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልተውሁለትም። እርሱም አልተወልኝም። ዙሩ ሲያልቅ እርሱ ሰባት ጥጃ፣ እኔ አራት ይዤ የመጨረሻዎቹን ጠቀለልሁ፤ ብቆጥራቸው ግን ሦስት ብቻ ሆኑ። የርሱ 28፣ የኔ 19። አንዲት ባቄላ ጠፍታለች። ለቤቱ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ወፍራም ስለነበር ሦስታችንም ተንበርክከን እንፈልግ ጀመር። ልጅቱ ከመሶቡ ሥር፣ እኔ ከረከቦቱ አጠገብ አየን፤ አላገኘንም። እርሱ መዳፉን ዘርግቶ ቄጠማውን እንደ ጸጉር ያበጥረው ነበር።

አገኛት። እጄን ፈልጎ ያዘና በመዳፌ ውስጥ አኖራት።

«አሁን አምስት ቤት ሞላህ» አለ። «ጀምር።»